ስለ ጥንታውያን በጎች መልክና ምልክት



በግ የጠፋበት ሰው ወደ ጎረቤት ሄዶ ሲጠይቅ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «መልኩ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጠያቂውም «ቀይ ነው፤ ግንባሩ ቦራ፤ ሁለቱ የፊት እግሮቹ ነጭ» ብሎ ይመልሳል። ይህን የሰማ እረኛ በጉን ከመቶ በጎች መካከል ለይቶ ያወጣዋል። መልክን በትክክል መጥራት ለእረኛ ከዕውቀቱ ኹሉ የመጀመሪያው ነው ማለት ይቻላል። ስሙን የማያውቁለት መልክ እያዩት አይታይም፤ ያልታየውንም መልክ ማንም ሊጠብቀው አይችልም።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ይህን የመሰለው ዕውቀት በሩቅ ሰሜን፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ እንዴት እንደተጠበቀና የዘመኑ ሳይንስ ምን እንደጨመረበት ነው። በተለይም ሊቃውንት «ጥንታውያን» የሚሏቸው በጎች የጠጉራቸው መልክና ምልክት በምን እንደሚለይ በየተራው እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ጥንታዊ በግ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እናስረዳ። በአውሮፓ ገበያ የሚታወቁት ብዙዎቹ በጎች ባለፉት ሁለትና ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ ለሥጋ ወይም ለነጭ ሱፍ ተብለው በምርጫ የተራቡ ናቸው። ነገር ግን ከመንገድ ርቀው በቀሩ ደሴቶች ላይ ከእነዚህ የተለዩ በጎች ተርፈዋል። ሰውነታቸው ትንሽ፣ ጅራታቸው አጭር፣ እግራቸው ቀጭን ነው። ብዙዎቹም በየዓመቱ በበጋው መግቢያ ሱፋቸው በራሱ ጊዜ የሚረግፍ ናቸው። ከነዚህም የሶኤይ፣ የሼትላንድ፣ የሰሜን ሮናልድሴይና የአይስላንድ በጎች ይጠቀሳሉ። የእነዚህ በጎች ትልቁ ሀብት የመልካቸው ብዛት ነው። ሌላው ዓለም ነጭን ብቻ ሲመርጥ እነርሱ ከጥቁር እስከ ማር መልክ፣ ከግራጫ እስከ ዝንጉርጉር ያለውን ኹሉ ይዘው ቆይተዋል።

የሼትላንድን ነገር እናስቀድም። ሼትላንድ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉ ደሴቶች ስም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1469 ድረስ የስካንዲኔቪያ ነገሥታት ግዛት ነበሩ። በዚያ ዓመት የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ የነበረው ቀዳማዊ ክርስቲያን ለሴት ልጁ ጥሎሽ መያዣ አድርጎ ለስኮትላንድ ንጉሥ አሳለፋቸው። የአገሩ ሰዎች ኖርን የሚባል ከጥንቱ የኖርዌይ ቋንቋ የተወለደ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። ይህ ቋንቋ ቀስ በቀስ እየተዳከመ ሄዶ በ19ኛው መቶ ዘመን ተናጋሪ አጣ። ያኮብ ያኮብሰን የሚባል የፋሮ ደሴቶች ተወላጅ የቋንቋ ሊቅ ከ1893 እስከ 1895 ድረስ በደሴቶቹ እየተዘዋወረ የቀሩትን ቃላት ሰበሰበ። ከሰበሰባቸውም መካከል ስለ በግ መልክ የሚነገሩት እጅግ ብዙ ነበሩ። ይህ ሊያስደንቀን ይገባል። ቋንቋው ሲሞት የጸሎቱና የተረቱ አነጋገር ከሰው አፍ ጠፋ፤ እረኛው ግን በየቀኑ ስለሚያስፈልጉት የበጎቹን ስሞች አልጣላቸውም።

በሼትላንድ 11 ዋና ዋና መልኮችና 30 የሚያህሉ ምልክቶች በስም ተለይተው ይታወቃሉ። ከመልኮቹ ጥቂቶቹን እናንሳ። ሙሪት ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ቃሉም በአይስላንድ ቋንቋ ለቡናማ በግ ከሚነገረው ቃል ጋር አንድ ምንጭ አለው። ሼላ የሚባለው ጥቁር መሬት ላይ ውርጭ የወረደበት የሚመስል ጥቁር ግራጫ ነው። ኤምስኬት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ደብዛዛ ግራጫ፣ መስኬት ፈዘዝ ያለ ግራጫማ ቡናማ፣ ሚዮጌት ደግሞ ማር የመሰለ ቢጫማ ቡናማ ነው። ከምልክቶቹም መካከል ሾልሜት አካሉ ባለ ቀለም ሆኖ ፊቱ ነጭ የሆነውን ይናገራል። ክሩኔት ጥቁር ሆኖ አናቱ ላይ ነጭ ያለበት ነው። ቢልሴት በአንገቱ ዙሪያ ሌላ ቀለም እንደ ቀለበት የዞረበት፣ ዩግሌት በዓይኑ ዙሪያ ያለው ቀለም ከሌላው የተለየ፣ ሶኬት እግሮቹ ካልሲ የለበሱ የሚመስሉ ነው። ብላጌት የሚባለው ደግሞ ነጭ ሆኖ ጥቁር ጣል ጣል ያለበት፣ በረዶ በከፊል የቀለጠበት መሬት የመሰለ በግ ነው። ስሞቹ ከአገሩ አየርና መሬት የተቀዱ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ታዲያ ይህን ያህል ሀብት ምን ያሰጋዋል? የሚያሰጋው ገበያ ነው። ነጭ ሱፍ ማንኛውንም ማቅለሚያ ይቀበላል፤ ጥቁሩና ቡናማው ግን አይቀበልም። ስለዚህ ነጋዴው ለነጩ የበለጠ ዋጋ ከፈለ፤ ገበሬውም ነጩን አውራ ለዘር አስቀርቶ ባለ ቀለሙን ለእርድ ሰጠ። ይህ በአንድ ሰው ቤት ቢደረግ የሚጎዳ ነገር የለውም፤ በደሴቱ ኹሉ ለብዙ ትውልድ ሲደረግ ግን ቀለሞቹ አንድ በአንድ ይመናመናሉ። በ1927 የሼትላንድ በጎች የዘር መዝገብ ማኅበር የዝርያውን መስፈርት ጻፈ። በ1977 ዝርያው በብሪታንያ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው የቤት እንስሳት መካከል ተቆጠረ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አርቢዎች ጥረት ቁጥሩ አድጓል። ይሁን እንጂ የበጎቹ ጠቅላላ ቁጥር ማደግና የመልኮቹ መትረፍ አንድ አይደለም። አርቢው መልኩን በትክክል ለይቶ ካልመዘገበ ብርቅ የሆነውን ግልገል ተራ መስሎት ወደ ገበያ ይሰደዋል።

እንግዲህ መልክ በምን ይለያል? ሳይንስ እንደሚያስተምረን የበግ ጠጉር የሚቀለመው በሁለት ዓይነት ቀለም ብቻ ነው። አንደኛው ጥቁር ወይም ቡናማ የሚሆነው ነው፤ ሁለተኛው ከቀይ እስከ ፈዛዛ ቢጫ የሚደርሰው ነው። ነጭ የምንለው ራሱን የቻለ ቀለም አይደለም፤ ቀለም ያልገባበት ወይም ሁለተኛው ቀለም እጅግ የሳሳበት ጠጉር ነው። የእነዚህ የሁለቱ ቀለሞች መጠንና ቦታ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፉ፣ ጂን በሚባሉ የዘር ትእዛዛት ይወሰናል። እያንዳንዱ ግልገል ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ።

ስለዚህ አንድን በግ የሚመረምር ሰው ሦስት ጥያቄዎችን በተራ መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያው «መሠረቱ ጥቁር ነው ወይስ ቡናማ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቀለሙ በአካሉ ላይ እንዴት ተደለደለ?» የሚል ነው። ሦስተኛው «ነጭ ነቁጣ ወይም ጥፍጥፍ አለበትን?» የሚል ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ያቀላቀለ ሰው ይሳሳታል፤ ለያይቶ የጠየቀ ግን መቶ የሚመስለውን ልዩነት በጥቂት መልሶች ይጨርሰዋል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ጀርባውን አትመልከት። ፀሐይና ዝናም የሱፉን ጫፍ ስለሚያነጡት ጥቁሩ በግ ቡናማ፣ ቡናማውም ቢጫ መስሎ ይታያል። ይልቁንስ ሱፉን በሁለት እጅህ ከፍለህ ከቆዳው አጠገብ ያለውን ሥሩን ተመልከት። ቀጥሎም የፊቱንና የእግሩን አጭር ጠጉር እይ፤ ይህ ጠጉር እንደ ሱፉ አይነጣምና እውነቱን ይናገራል። የፊቱና የእግሩ ጠጉር ከሰል የመሰለ ከሆነ መሠረቱ ጥቁር ነው፤ የተቆላ ቡና የመሰለ ከሆነ ቡናማ ነው። ቡናማነት የሚመጣው አንድ ጂን ተለውጦ ጥቁሩን ቀለም በሙሉ ኃይሉ መሥራት ሲያቅተው ነው። ይህም የተለወጠ ቅጂ ተሸናፊ ነው፤ ማለትም ግልገሉ ቡናማ የሚሆነው ከአባትም ከእናትም ሲወርሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ድልድሉ ነው። የዱር በግ ጀርባው ጥቁር ቡናማ፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ ከላይ ብርሃን ሲያርፍበት ጎልቶ አይታይም፤ ይህም ከአዳኝ ይሰውረዋል። ይህ የዱር ድልድል በጥንታውያን በጎች ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። በሼትላንድ ጉልሞጌት ይሉታል። ሆዱ፣ ከመንጋጋው በታች፣ የጆሮው ውስጥና ከጅራቱ በታች ያለው ነጣ ያለ ነው፤ ከዓይኑም አጠገብ የነጣ ምልክት አለው። የዚህ ተቃራኒ ካትሞጌት ይባላል። የእርሱ ጀርባና ጎን ነጣ ያለ ሆኖ ሆዱ፣ እግሮቹና ከጅራቱ በታች ያለው ጥቁር ነው፤ በፊቱም ላይ ጥቁር መስመር ይወርዳል። በአይስላንድ የመጀመሪያውን ቦትኖት፣ ሁለተኛውን ጎልሶት ይሉታል። ከእነዚህ ሌላ ጠጉሩ በሙሉ ወደ ግራጫ የሚለወጥ ድልድል አለ፤ ምንም ድልድል የሌለበት፣ ከራስ እስከ ጅራት አንድ ወጥ የሆነም አለ። በመጨረሻም ነጭ አለ።

እነዚህን ድልድሎች የሚያዘው አጉቲ የሚባል አንድ ጂን ሲሆን የተለያዩ ቅጂዎች አሉት። ሥራው የጠጉሩን ሥር ጥቁሩን ቀለም እንዳይሠራ መከልከል ነው። የት ቦታ እንደሚከለክል የሚወስነው ግልገሉ የያዘው ቅጂ ነው። የነጩ ቅጂ በመላው አካል ላይ ይከለክላል፤ ስለዚህ ከኹሉ በላይ አሸናፊ ነው። የአንድ ወጡ ቅጂ ግን ሥራውን ያቆመ ስለ ሆነ አይከለክልም፤ ስለዚህ ከኹሉ በታች ተሸናፊ ነው። በመካከል ያሉት ድልድሎች እርስ በርሳቸው አይሸናነፉም፤ ሁለቱም በአንድነት ይታያሉ። ከካትሞጌት እናትና ከጉልሞጌት አባት ሁለቱን ቅጂ የወረሰ ግልገል ጀርባውም ሆዱም የነጣ ይሆንና ጥቁሩ በጥቂት ቦታ ብቻ ይቀርለታል። ይህን የማያውቅ አርቢ ግልገሉን «ነጭ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ከእርሱም የሚወለዱት ባለ ድልድል ግልገሎች ከየት እንደ መጡ ይጠፋዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ነቁጣ ነው። የግንባር ቦራ፣ የእግር ነጭ፣ የአንገት ቀለበት፣ የጎን ጥፍጥፍ ከድልድሉ ጋር ዝምድና የላቸውም። እነዚህ የሚመጡት ቀለም ሠሪዎቹ ሕዋሳት ግልገሉ ገና በማኅፀን ሳለ ወደ ቆዳው ኹሉ ሳይደርሱ ሲቀሩ ነው። መለያውም ቀላል ነው። የድልድል ንጣት በሁለቱም ጎን እኩል ነው፤ ዳርቻውም የታወቀ ነው። የነቁጣ ንጣት ግን እንደ ፈሰሰ ወተት ነው፤ በግራ ሲሰፋ በቀኝ ይጠባል። ጥርጣሬ ከገባህ ግራና ቀኙን አስተያይ።

ከሦስቱ ጥያቄዎች በተጨማሪ ዕድሜ የሚያመጣው ለውጥ አለ። ግራጫ የሚሆነው ግልገል ብዙ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይወለዳል። ሆኖም በአፈሙዙ ዙሪያና በጆሮው ላይ የነጣ ጠጉር ጣል ጣል ብሎበት ይታያል፤ አስተዋይ አርቢ በዚያ ያውቀዋል። እንዲሁም ነጭ የሚሆነው ግልገል ሲወለድ በማጅራቱና በእግሮቹ ላይ ቀይማ መልክ ሊኖርበት ይችላል፤ ሲያድግ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ያየ ሰው ሙሉውን አላየም።

አሁን ወደ ውርሱ እንለፍ፤ ብዙ ክርክር የሚነሣው በዚህ ነውና። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 የተጻፈውን የያዕቆብንና የላባን ነገር የማያውቅ አንባቢ የለም። ያዕቆብ ደመወዙ ዝንጉርጉሮቹና ነቁጣ ያለባቸው፣ ከበጎቹም ጥቁሮቹ እንዲሆኑ ተዋዋለ። ላባም በዚያው ቀን እነዚህን ለይቶ ለልጆቹ ሰጠና የሦስት ቀን መንገድ አራቃቸው። ሆኖም ከቀረው መንጋ ዝንጉርጉርና ባለ ነቁጣ ተወለደ። ሃይማኖታዊውን ትርጓሜ ለሊቃውንቱ እንተወውና የእረኝነቱን ነገር ብቻ ብንመለከት፣ ላባ ሊለየው የቻለው በዓይን የሚታየውን መልክ ብቻ ነበር። በነጩ በግ ውስጥ ተሸሽጎ ያለውን ቅጂ መለየት ለማንም አይቻልም ነበር። በብሪታንያ ያለ አንድ ዝንጉርጉር የበግ ዝርያ በዚህ ታሪክ ምክንያት እስከ ዛሬ «የያዕቆብ በግ» ተብሎ ይጠራል።

የመሸሸጉ ሒሳብ እንዲህ ነው። ሁለት ነጭ ወላጆች እያንዳንዳቸው አንድ የነጭና አንድ የአንድ ወጥ ጥቁር ቅጂ ቢይዙ፣ ከሚወልዷቸው ግልገሎች በአማካይ ከአራቱ ሦስቱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ይሆናል። «ከነጭ እንዴት ጥቁር ተወለደ?» ብሎ በአውራው ወይም በጎረቤት በግ ላይ ማሳበብ አያስፈልግም። በአንጻሩ ግን ሁለት ቡናማ ወላጆች ጥቁር ግልገል ሊወልዱ አይችሉም፤ የጥቁሩ ቅጂ ከማንም የሚመጣላቸው የለምና። በመዝገቡ ላይ ሁለት ሙሪት ወላጆች ጥቁር ግልገል እንደ ወለዱ ተጽፎ ቢገኝ፣ ወይ የአንዱ ወላጅ መልክ በስሕተት ተጽፏል፣ ወይ አባቱ ሌላ ነው። እንግዲህ መልክን በትክክል መመዝገብ የዘር ሐረጉን እውነተኛነት ይመሰክራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። ጥቁርነት ኹሉ ከአጉቲ የሚመጣ አይደለም። ሌላ ጂን አለ፤ የእርሱ አንድ የተለወጠ ቅጂ አሸናፊ ጥቁርን ያመጣል። ይህ ቅጂ በኖርዌይ በጎች ላይ በ1999 በታተመ ጥናት ተገልጿል፤ ጥቁር የዌልስ ተራራ በሚባሉት በጎችም የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ጥቁር በግ ነጭነትን በውስጡ ሊሸሽግ ይችላል። ስለዚህ የአንዱን ዝርያ ሕግ ለሌላው ሳይመረምሩ ማዋል አይገባም።

ይህን የውርስ ሥርዓት በጥንታውያን በጎች ላይ አጥርተው ካሳዩት ሰዎች ዋነኛው ስቴፋን አዳልስቴይንሰን የሚባሉት የአይስላንድ ሊቅ ናቸው። በ1970 ባሳተሙት ጥናት ከላይ የተናገርናቸውን ሦስቱን ነገሮች፣ ይኸውም መሠረቱን፣ ድልድሉንና ነቁጣውን፣ ለየብቻ እንደሚወረሱ አስረድተዋል። የአይስላንድ በጎች ከ9ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከሰፋሪዎቹ ጋር የገቡ ናቸው። ዛሬ አብዛኞቹ ነጭ ቢሆኑም በውስጣቸው ብዙ መልክ ተሸሽጎ ይገኛል። በዚያ አገር «መሪ በግ» የሚባሉ አሉ፤ የአየሩን መለወጥ ዐውቀው መንጋውን ወደ ቤት የሚመልሱ ናቸው ተብለው ይከበራሉ። እነዚህ በአብዛኛው ባለ ቀለም ናቸው። እረኛው በጭጋግና በበረዶ መካከል መሪውን ከነጩ መንጋ ለይቶ ማየት ያስፈልገዋልና።

በዚያው አገር ስለ ጠጉር ሲባል የመጣ ታላቅ ጥፋትም አለ። በ1933 የግልገሎቻቸው ቆዳ በዓለም ገበያ የተወደደላቸው 20 የካራኩል በጎች ከጀርመን አገር ወደ አይስላንድ ገቡ። ከአገሩ በጎች ጋር ተዳቅለው ውድ ቆዳ እንዲሰጡ ታስቦ ነበር። በጎቹ ሲታዩ ጤነኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚገድል የሳንባ በሽታና ሌሎችም በሽታዎች ይዘው ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት ተለይቶ የኖረው የአገሩ መንጋ በሽታውን መቋቋም አልቻለም። በየወረዳው ያሉ በጎች በሙሉ እየታረዱ ከጤነኛ ወረዳ በመጡ በጎች እስኪተኩ ድረስ በሽታው አልቆመም፤ የሳንባው በሽታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1965 ነው። ከታረዱት ጋር ስንት የመልክ ዓይነት አብሮ እንደ ሄደ አንባቢ ይገምት። የጠጉርን ውበት ፈልጎ የባዕድ ዘር የሚያስገባ ሰው ከጠጉሩ በስተጀርባ ያለውንም መመርመር አለበት።

የመልክ ነገር ለዓይን ውበትና ለገበያ ብቻ ነው የሚል ቢኖር የሶኤይን በጎች ይመልከት። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ፣ ከውጭዎቹ ሄብሪዲስ ደሴቶች 64 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሴንት ኪልዳ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ከእነርሱ አንዷ ሶኤይ ትባላለች፤ ትርጓሜዋም በጥንቱ ኖርዌይኛ «የበግ ደሴት» ማለት ነው። ትልቂቱ ደሴት ሂርታ ነች። በነሐሴ 1930 የሂርታ ነዋሪዎች በኑሮ መክበድ ምክንያት በራሳቸው ጥያቄ ደሴቲቱን ለቀው ወጡ። በ1932 107 በጎች ከሶኤይ ወደ ሂርታ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ እረኛ ሳይጠብቃቸው፣ ድርቆሽ ሳይቀርብላቸው፣ በዱር ሕግ ይኖራሉ። ከ1985 ጀምሮም ሊቃውንት ግልገሎቹን በየዓመቱ ምልክት እያደረጉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይከታተሏቸዋል።

የሶኤይ በጎች አብዛኞቹ ጥቁር ቡናማ፣ የቀሩት ፈዛዛ ቡናማ ናቸው። በብዙዎቹም ላይ የዱሩ ድልድል፣ የነጣ ሆድ ይታያል፤ ጥቂቶቹ አንድ ወጥ ናቸው። ጥቁሮቹ በአካል ተለቅ ይላሉ፤ ተለቅ ያለ በግም ክረምቱን የማለፍ ዕድሉ የበለጠ ነው። እንግዲህ ጥቁሮቹ እየበዙ ሊሄዱ ይገባ ነበር። ነገር ግን በሃያ ዓመት ምርመራ የታየው ተቃራኒው ነው፤ የጥቁሮቹ ድርሻ ቀነሰ። ምክንያቱ በ2008 በታተመ ጥናት ተገለጸ። ከቀለሙ ጂን አጠገብ ተጣብቀው የሚወረሱ ሌሎች የዘር ትእዛዛት አሉ፤ እነርሱም አካልን በሚያገዝፉበት ጊዜ ለመኖርና ለመራባት የሚሆነውን ዕድል ይቀንሳሉ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይከተለዋል። ስለዚህ መልክ ብቻውን አይጓዝም። አርቢው አንድን መልክ መርጦ ሌላውን ሲጥል፣ ከመልኩ ጋር ተጣብቆ የሚሄደውን የማይታይ ነገር አብሮ እየመረጠና እየጣለ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም። በሰሜን ሸዋ ብርዳማ ደጋ የሚኖሩት የመንዝ በጎች ላታቸው አጭር፣ ሱፋቸው ሸካራ ነው። መልካቸውም ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭና ጥፍጥፍ ነው። ከጥቁሩ ሱፋቸው ማቅለሚያ ሳያስፈልግ በርኖስ ይሠራ እንደ ነበር አባቶቻችን ያውቃሉ፤ ባናውም ከዚሁ ሱፍ የሚሸመን ነው። ገላቸው ነጭ፣ ፊታቸው ቡናማ የሆነው የአዋሲ በጎች ሥጋ እንዲጨምሩ ተብለው ከመንዝ በጎች ጋር ሲዳቀሉ ቆይተዋል። መዳቀሉ ጥቅም አለው፤ ሆኖም ምን እንደ ነበረን ሳንመዘግብ ብናዳቅል ምን እንዳጣን ማወቂያ አይኖረንም። ቋንቋችንም በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ቦራ፣ ገብስማ፣ ዳለቻ፣ ዳማ፣ ቡሬ፣ ዝንጉርጉር እያለ እረኛው የሚጠራቸው ቃላት ለሼትላንዶቹ ስሞች ወንድሞቻቸው ናቸው። የሼትላንድ ቃላት የተረፉት ሊቅ ሄዶ እረኛውን ስለ ጠየቀ ነው። የእኛዎቹም ከእረኛው አፍ ተለቅመው ቢጻፉ ለሳይንሱ መዝገብ መሠረት ይሆናሉ።

እንግዲህ መንጋውን መመዝገብ ለሚወድ አንባቢ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፤ ግልገሉን በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ገና ሳይቆሽሽና ፀሐይ ሳይመታው፣ በቀን ብርሃን ተመልከተው። ሁለተኛ፤ ፊቱን፣ የጆሮውን ውስጥ፣ ሆዱን፣ እግሮቹንና ከጅራቱ በታች ያለውን በተራ እየገለጥህ ጻፍ። ሦስተኛ፤ መሠረቱን፣ ድልድሉንና ነቁጣውን በሦስት የተለያየ ዓምድ አስፍር እንጂ በአንድ ቃል አትጠቅልል። አራተኛ፤ ግራና ቀኙን ፎቶግራፍ አንሣ። አምስተኛ፤ ዓመት ሲሞላው ሱፉን ከሥሩ ከፍለህ እንደገና ተመልከትና የተለወጠውን ከፊተኛው ሳትፍቅ ከጎኑ ጨምር። ስድስተኛ፤ የአባቱንና የእናቱን መልክ ከእርሱ ጋር አያይዘህ ጻፍ፤ የተሸሸገው የሚገለጠው በዘሩ ነውና። ሰባተኛ፤ አገሩ ለመልኩ የሰጠውን ስም ከሽማግሌዎቹ ጠይቀህ እንደ ሰማኸው አስፍር።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና የሚያስተውል ዓይን ነው። በሰሜኑ ደሴቶች ያሉ ሰዎች ሊጠፉ የቀረቡ መልኮችን ያተረፉት በዚህ ነው። ሊታረድ የተለየው ግልገል የየትኛው መልክ የመጨረሻው እንደ ሆነ የሚነግረን መዝገቡ ብቻ ነው፤ መዝገቡም የሚጠቅመው ቢላዋው ከመነሣቱ በፊት ሲነበብ ነው።